ድንጋዩ ተለካ፤ እርምጃውስ?

ሂስ የሚጻፈው ስለ መጽሐፍና ስለ ቴአትር ብቻ ነው የሚል ሕግ የት ተጻፈ? በየማደሪያ ክፍላችን አምስት ስድስት ሆነን አንድ ስልክ ላይ ተደፍተን የምናመሽበት ጌም ከምናነበው ልብ ወለድ ይልቅ ዓይናችንን ይዞት ያድራል። ዓይን የሚውልበትን ነገር ሂስ በዝምታ ካለፈው ሥራውን ትቷል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ጌም፣ ከጌምም ውስጥ ስለ አንዲት ነገር፣ ስለ እንቅስቃሴው እንነጋገራለን። መነሻችን በአሜሪካ አገር በየዓመቱ የሚሰጥ ሽልማት ነው፤ መድረሻችን ላስታ ነው። መንገዱ የራቀ ቢመስልም አንባቢ አብሮን ቢወጣ ዳገቱ ያን ያህል አይከብድም።

መጀመሪያ ስለ ሽልማቱ። በሎስ አንጀለስ ያለው አሲፋ ሆሊውድ የተባለው የአኒሜሽን ባለሙያዎች ማኅበር ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «አኒ» የሚባል ሽልማት ይሰጣል። ሲጀመር ዕድሜያቸውን በሙያው ያሳለፉ ሰዎች የሚመሰገኑበት ነበር፤ ከ1992 ወዲህ ፊልሞች የሚወዳደሩበት ሆነ፤ ኋላም ለቪዲዮ ጌም በሩን ከፈተ። ከዘርፎቹ አንዱ በጌም ውስጥ ላለ የገጸ ባሕርይ እንቅስቃሴ የሚሰጥ ነው። ሌላም አለ፤ የጌም ሠሪዎች አካዳሚ ከ1998 ጀምሮ የሚሰጠው፣ ዛሬ «ዳይስ» የሚባለው ሽልማት ለአኒሜሽን ራሱን የቻለ ዘርፍ አለው። በሁለቱም ዘንድ መራጮቹ የሙያው ሰዎች ናቸው፤ ሸማኔ ሸማኔን ሲመዝን ማለት ነው።

ልብ በሉ! ለታሪኩ አይደለም፤ ለሙዚቃውም አይደለም፤ ስንት ቅጂ ተሸጠ ለሚለውም አይደለም። የሚመዘነው ገጸ ባሕርይው እንዴት ይራመዳል፣ እንዴት ይደናቀፋል፣ እንዴት ይደነግጣል፣ ሲደክመው ትከሻው ወዴት ይወርዳል የሚለው ነው። «ለመራመድ ሽልማት?» ብለን ለአንድ የላስታ ገበሬ ብንነግረው ይስቅ ይሆናል። ግን እኮ እሱ ራሱ ከሩቅ ዳገት ላይ አንድ ጥቁር ነጥብ ሲንቀሳቀስ አይቶ «እገሌ ነው፤ አረማመዱ ነው» የሚል ሰው ነው። ፊት ሳይታይ በእርምጃ ሰውን መለየት ሂስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

የጌም እንቅስቃሴ ከፊልም እንቅስቃሴ የሚለይበትን አንድ ነገር እንያዝ፤ ኋላ ያስፈልገናል። ፊልም የሚሠራ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ያውቃል። ገጸ ባሕርይው በሦስተኛው ሰከንድ እንደሚዘል ካወቀ በሁለተኛው ጉልበቱን ያጥፍለታል፣ ክንዱን ወደ ኋላ ይስብለታል። ሰው ያለ ዝግጅት አይዘልምና ዓይን ያንን ዝግጅት ይፈልጋል። ጌም የሚሠራ ሰው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የተጫዋቹ ጣት ነው። ጣት ደግሞ ትዕግሥት የለውም፤ ሲጫን ወዲያው ዝለልልኝ ይላል። ዝግጅቱ ከረዘመ ጨዋታው «ተንቀራፈፈ» ተብሎ ይሰደባል፤ ዝግጅቱ ከጠፋ ገጸ ባሕርይው ክብደት የሌለው የወረቀት ቁራጭ ይሆናል። ጥበቡ ያለው በዓይንና በጣት መካከል፣ በዚያች ከሰከንድ ባነሰች ጊዜ ውስጥ ነው። ሽልማቱ የሚሸልመውም በመሠረቱ ይህችን ዕርቅ ነው።

ይህን ዕርቅ ከሁሉ ቀድመው ካሳዩን ሥራዎች አንዱ ሽልማቱ ጌምን ሳያውቅ የተሠራ ነው። ጆርዳን መክነር የሚባል አሜሪካዊ ወጣት በ1985 ታናሽ ወንድሙን ነጭ ልብስ አልብሶ፣ ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ካሜራ ቀረጸው። ቀረጻውን ምስል በምስል እየተከተለ ወደ ኮምፒዩተር ገለበጠውና በ1989 «ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ» የተባለው ጌም ወጣ። ጌሙን የተጫወተ ያውቀዋል፤ ልዑሉ ሲሮጥ ቁም ብትለው ወዲያው አይቆምም፤ ተንሸራትቶ ነው የሚቆመው። ገደል ጫፍ ላይ በጣቶቹ ሲንጠለጠል የሰው ክብደት አለው። ያ ክብደት የወንድም ክብደት ነው። ቤተ መንግሥቱ ከተረት የመጣ ቢሆንም እርምጃው ከጎረቤት ነው የመጣው። ይህን እንደ መጀመሪያ መለኪያ እንያዘው።

አሁን ወደ ተሸላሚዎቹ። በ2017 እ.ኤ.አ. አኒን የወሰደው «አንቻርትድ 4» ነው። ጀግናው ገደል ሲወጣ ተጫዋቹ ዱላውን ወደሚያዘነብልበት አቅጣጫ ክንዱን ይዘረጋል፤ ድንጋይ ይፈልጋል፤ አግኝቶ ይጨብጣል። እዚህ ላይ ጣትና ዓይን በእውነት ታርቀዋል። በ2019 «ጎድ ኦቭ ዋር» ተሸለመ። ባለጌታው መጥረቢያውን ወርውሮ እጁን ሲዘረጋ መጥረቢያው ተመልሶ መዳፉ ውስጥ ይገባል፤ ሲገባ ክንዱ ወደ ኋላ ይገፋል። ያች ግፊት ባትኖር መጥረቢያው ብረት መሆኑን ማን ያምን ነበር? በ2021 ደግሞ «ዘ ላስት ኦቭ አስ» ክፍል ሁለት ወሰደው። ሦስቱም የትልቅ ድርጅት፣ የብዙ ሰውና የብዙ ገንዘብ ሥራዎች ናቸው። የተዋናዮችን አካል በካሜራና በመሣሪያ እየቀረጹ፣ ያንን የአኒሜሽን ሠሪ እጅ እያረመው የተሠሩ ናቸው።

እዚህ ላይ ሽልማቱን ልንወቅስ ይገባናል። ሽልማቱ አዘውትሮ ሲያይ የሚገኘው አንድ ዓይነት አካል ነው፤ ጦር መሣሪያ የያዘ፣ የሚያደባ፣ የሚወጋ፣ የሚወድቅ አካል። ይህ አካል ሺህ ዓይነት ሞት ያውቃል። እንስራ አዝሎ መውጣትን ግን አያውቅም፤ ደጅ መሳለምንም አያውቅም። መራጮቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ የቀረበላቸውን ነው የሚመርጡት። ነገር ግን ሽልማት ከመምረጥ አልፎ ያስተምራል። በሚቀጥለው ዓመት የሚሠራው ወጣት «ጥሩ እንቅስቃሴ ማለት ይህ ነው» ብሎ ይማራል። በዚህ መንገድ የአንድ አገር የውጊያ አካሄድ የዓለም ሁሉ አካሄድ እየሆነ ይሄዳል።

ታዲያ ነገሩ ሁሉ በገንዘብ ያለቀ ነው ብለን እጃችንን እንዳናጣጥፍ፣ በመካከል አንድ ሥራ አለ። በ2018 አኒንም ዳይስንም የወሰደው «ካፕሄድ» ነው። ባለ ጌሞቹ ሁለት የካናዳ ወንድማማቾች፣ ቻድና ጃሬድ ሞልደንሃወር ናቸው። ጀግናቸው ራሱ ስኒ የሆነ ፍጡር ነው፤ ከሰይጣን ጋር ቁማር ገጥሞ ተሸንፎ የዕዳ ሰብሳቢ ሆኗል። ገጸ ባሕርያቱ በ1930ዎቹ የአሜሪካ ካርቱን ወግ በወረቀት ላይ በእጅ ተሥለዋል፤ የኋላው መልክዐ ምድር በውሃ ቀለም ተሥሏል። የሰው አካል በመሣሪያ አልተቀረጸም። ክንዱ እንደ ጎማ ይለጠጣል፣ ጉልበቱ አጥንት የለውም፤ ግን ያምናሉ። ለምን? ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ የእንቅስቃሴ ወግ መርጠው እስከ ሥሩ ድረስ ስለገቡበት ነው።

ከካፕሄድ የምንማረው ምን እንደሆነ ግን እንጠንቀቅ። ከመካከላችን «እኛም በ1930ዎቹ የአሜሪካ ካርቱን ወግ እንሥራ» የሚል ካለ ትምህርቱን ገልብጦ ይዞታል። ሰዎቹ ያሸነፉት የአያቶቻቸው ዘመን የሣቀበትን አካል ፈልገው በማግኘታቸው ነው። የኛ አያቶች የሣቁበት፣ ያዘኑበት፣ የቆሙበት አካል ሌላ ነው። እሱን ማን ሊሥልልን ነው?

ወደ ቤታችን ስንመጣ ባዶ እጃችንን አይደለንም። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው የልጆች ዝግጅት ቀጭኔዋን ፀሐይን በእጅ በምትንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነበር የጀመራት። ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር አዲስ አበባ ውስጥ የሠሩት ይህ ዝግጅት በ2008 እ.ኤ.አ. የጃፓን ሽልማት የተባለውን ዓለም አቀፍ የትምህርታዊ ሚዲያ ሽልማት አግኝቷል። ኩራታችን ነው። ነገር ግን የተሸለመው ለማስተማሩ ነው። አንገቷ እንዴት እንደሚዞር፣ ልጅ የሚያባብል ሰው እንዴት እንደሚያጎነብስ እሷም እንዴት እንደምታጎነብስ፣ ይህን ለይቶ የመዘነ ሂስ እኛ አላነበብንም። «ጥሩ ነው፤ ልጆቻችን ተማሩበት» ብለን አለፍነው። ቁም ነገሩን አመስግነን እጁን ረሳነው።

ከዚያ ወዲህ «ኩኩሉ» መጣ። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው የስልክ ጌም ነው፤ አንዲት ዶሮ ከሚያሳድዳት ገበሬ ትሸሻለች። ስሙን ስንሰማ የድብብቆሽ ጨዋታ ትዝ ይለናል፤ ነገሩም የኛ ነው። የበዓል ዋዜማ ዶሮ ያባረረ ሰው ሁሉ ይህን ጌም በሕይወቱ ተጫውቶታል። ሂሳችን በዓይነቱ ላይ ነው። ሯጩ ያለማቋረጥ ወደ ፊት የሚሮጥበት፣ ጣት ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሚያዝበት ይህ የጌም ዓይነት በ2011 በወጣው «ቴምፕል ረን» የታወቀ ነው። ዓይነቱ ቀጥ ያለ መስመር ይወዳል። ዶሮ ግን ቀጥ ብላ አትሮጥም! አንገቷ ይቀድማል፤ ድንገት ትቆማለች፤ በእግርህ መካከል ትሾልካለች፤ ሳትበር ክንፏን ትዘረጋለች። ዶሮን ማሳደድ የሚያስቀው ሰውዬው በዞረ ቁጥር እሷ ስለማትገኝ ነው። ዓይነቱን ከውጭ ስንበደር የሩጫውንም ቅርጽ አብረን እንበደራለን። ኩኩሉ በሩን ከፍቶልናል፤ ምስጋና ይገባዋል። የሚቀጥለው ሠሪ ደግሞ ከዶሮዋ ተነሥቶ ዓይነቱን ቢፈጥር ብለን እንመኛለን።

ሌሎችስ እኛን እንዴት ያዩናል? በሐምሌ 2020 እ.ኤ.አ. «ሲቪላይዜሽን 6» ለተባለው ታዋቂ ጌም የኢትዮጵያ ጥቅል ወጣ። ዳግማዊ ምኒልክ አማርኛ እየተናገሩ እጃቸውን እያወናጨፉ ይታያሉ። ለኛ ለላስታ ሰዎች የሚጥመው ግን ሌላ ነው፤ «ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን» መሥራት ይቻላል። በኮረብታ ላይ ይሠራል፤ ተራራና ኮረብታ ከጎኑ ካለ የእምነት ነጥብ ይጨምራል። ይህን ሲሰማ የማይስቅ የላሊበላ ልጅ አለ? አቡነ ዮሴፍ ስንት ነጥብ ይሰጠን ይሆን! ግን ሕጉ አንድ ነገር ይከለክላል፤ አንዱን ከሌላው አጠገብ መሥራት አይቻልም። እንግዲህ በዚያ ጌም ውስጥ ላሊበላን ራሷን መሥራት አይቻልም ማለት ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት በቦይና በዋሻ ተያይዘው፣ አንዱ ከሌላው ደጅ እያደረሰ የሚገኙባት ቦታ በሕጉ ፊት ስሕተት ናት።

ይህ የሚያስቅ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን ያስረዳናል። ጌሙ ቤተ ክርስቲያኑን እንደ ዕቃ ነው ያየው፤ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ነጥብ የሚሰጥ ዕቃ። ላሊበላ ግን ሲሄዱባት ነው የምትታወቀው። ቤተ ጊዮርጊስ ከሩቅ አይታይም፤ ጫፉ ላይ ደርሰህ ቁልቁል ስታይ ነው መስቀሉ ከምድር ውስጥ የሚወጣልህ። ከዚያ በጠባቡ ቦይ ትወርዳለህ፤ ጫማህን ታወልቃለህ፤ ደጁን ትሳለማለህ። ወደ ቤተ መርቆርዮስ በሚያሻግረው የጨለማ ዋሻ ውስጥ ዓይን አያገለግልም፤ አንድ እጅ ግድግዳውን፣ አንድ እጅ የፊተኛውን ሰው ነጠላ ይይዛል። ሕንፃውን የሚያነበው አካል ነው። አካል የሌለበት ላሊበላ የተገለበጠ ጉድጓድ ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ሥራው ተሠርቷል። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ለክቶ መዝግቧል። እያንዳንዱ ዓምድ፣ እያንዳንዱ መስኮት በቁጥር ተቀምጧል። ትልቅ አገልግሎት ነው፤ ድንጋይ ሲሰነጠቅ የት እንደነበረ ይነግረናል። ድንጋዩ እንግዲህ ተለካ። በዚያ ድንጋይ መካከል የሚሄደው ሰው እርምጃስ?

ነገሩ የሩቅ እንዳይመስለን። ከመካከላችን ኮምፒዩተር የሚማሩ አሉ፤ ብሌንደር የተባለውን ነፃ ሶፍትዌር በየላፕቶፓቸው የጫኑ አሉ። ነገ ከነገ ወዲያ ከነሱ አንዱ የላሊበላን ጌም እሠራለሁ ብሎ ይነሣል እንበል። ቤተ ጊዮርጊስን በልኬት ይሠራዋል፤ ጋቢ የለበሰ ሰውም ይሠራል። ሰውየው እንዲራመድ ግን ምን ያደርጋል? «ሚክሳሞ» ወደተባለው፣ አዶቤ በ2015 ወደገዛው የእንቅስቃሴ ጎተራ ይገባና የተዘጋጀ አረማመድ ያወርዳል። ነፃ ነው፤ ቀላል ነው፤ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ያ አረማመድ ግን በደልዳላ ወለል ላይ፣ ጫማ አድርጎ፣ ባዶ እጁን የሄደ ሰው አረማመድ ነው። ጋቢ ያለበሱት የፓርኪንግ ቦታ መንገደኛ ላስታ ላይ ይንጎራደዳል። ጋቢው የኛ፣ ጉልበቱ የሰው። ያንን ሥራ አይተን «ዋው! የኛን ባህል አሳየልን» ብለን ልናጨበጭብ ነው? በጥሩ ሂስ እጦት ልናጨበጭብ እንችላለን፤ የምንፈራውም ይህንን ነው።

የላስታ ሰው አካሄድ ምን እንደሚመስል እስቲ በቃል እንሞክረው። ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጁን ከላይ ያንጠለጥላል። ክንዱ ስለማይወዛወዝ ሚዛኑን የሚጠብቀው ወገቡ ነው። ቁልቁለት ሲወርድ ጉልበቱን አለስልሶ፣ እግሩን ሙሉ ሳይጥል በአጭር በአጭሩ ይረግጣል፤ ድንጋይ ከሥሩ ቢንሸራተት ሌላው እግር ቀድሞ ተዘጋጅቷል። ዳገት ሲወጣ አይቸኩልም፤ የሚቸኩለው እንግዳው ነው። እንስራ ያዘለች ሴት ገመዱን ደረቷ ላይ ይዛ ከወገቧ ታጎነብሳለች፤ ቀና ብላ ሰላምታ መስጠት ስለማትችል በዓይኗ ብቻ ሰላም ትላለች። የአኒሜሽን ሠሪ ሦስት ቀን ተቀምጦ ቢያይ፣ ሦስት ዓመት የሚያሠራው ያገኛል።

ይህን ያህል ስንል «እንቅስቃሴን መተቸት የፈረንጅ ትምህርት ነው» የሚል አይጠፋም። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ላስታ የምትመልሰው። የአቋቋም ትምህርት ቤትን አስቡ። ቁም፣ ዝማሜ፣ መረግድ፣ ጽፋት፤ ለእያንዳንዱ አካል የሚሆነው ተለይቶ ተቀምጧል። በቁሙ አካል ይረጋል፤ በዝማሜው መቋሚያው ከዜማው ጋር ይነሣል ይወርዳል፤ በመረግዱ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋቱ እጅ ያጨበጭባል፣ ይፈጥናል። ተማሪው መቋሚያውን ያለ ቦታው ቢያነሣ መሪጌታው ዝም አይለውም። ዓመታት የሚፈጅ ትምህርት ነው። የእንቅስቃሴ ሂስ አሜሪካ ከ1972 ወዲህ ቢሸልምበት፣ በኛ ደብሮች ተማሪ ስንት ዘመን ተገሥጾበታል! ያልጠፋን ነገር ከሩቅ ለማምጣት አንድከም።

የቤዛ ኩሉን ሥርዐት ያየ ይመስክር። በታኅሣሥ 29 ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ባለው የአለት ጫፍ ላይ ነጭ ለብሰው ይሰለፋሉ፤ ሌሎቹ ከታች በግቢው ይቆማሉ። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የምድር ሰዎች ምሳሌ ናቸው ይባላል። እየተቀባበሉ ሲያዜሙ ረድፉ ይወዛወዛል። አሁን በአኒሜሽን ዓይን እንየው፤ ሁሉም አንድ ላይ ናቸው፤ ግን አንዱ ከሌላው ጋር ፍጹም አንድ አይደለም። ሽማግሌው ትንሽ ይዘገያል፤ ዲያቆኑ ትንሽ ይቀድማል፤ የነጠላው ጫፍ ሰውነቱ ከዞረ በኋላ ነው የሚዞረው። ከሩቅ ሲታይ ነፋስ የገባበት የገብስ ማሳ ነው። በጌም ሥራ ልማድ አንድ ሰው ይሠራና መቶ ጊዜ ይገለበጣል። ያን ዘዴ እዚህ ላይ ብናመጣ ማኅሌቱ የወታደር ሰልፍ ይሆናል። አንድነቱ ያለው በልዩነቱ ውስጥ መሆኑን ያላየ ሠሪ፣ ኮምፒዩተሩ የቱን ያህል ቢረቅ፣ ቤዛ ኩሉን አልሠራም።

ድንጋዩ ራሱም ያስተምረናል። በቤተ ማርያም ምዕራባዊ በረንዳ ላይ ፈረሰኞች ተቀርጸዋል፤ የአንድ እርምጃ ቅጽበት በድንጋይ ተይዛለች። በቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ከዚያ የሚረቅ ነገር አለ። ሰማዕቱ «ለእኔስ ቤት የለኝም ወይ?» ብሎ በፈረሱ መጣ ይባላል፤ የፈረሱ ኮቴ ነው የሚሉት ምልክት እስከ ዛሬ ለጎብኚ ይታያል። ፈረሱ አልተቀረጸም፤ የረገጠበት ብቻ ነው ያለው። ተመልካቹ ከኮቴው ተነሥቶ ፈረሱን ራሱ ያስሮጠዋል። አኒሜሽን ሠሪዎች ከእንቅስቃሴ ሁሉ ዋና ዋናውን አቋም መርጠው ይሥሉና መካከሉን ኋላ ይሞሉታል። የላሊበላ ትውፊት መካከሉን ለምእመኑ ትቶለታል። ከዚህ የበለጠ የቁጠባ ትምህርት የት ይገኛል?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ፤ ስንወያይበትም ድምፅ ከፍ ያደረገው እሱ ነው። «ማኅሌት መጫወቻ አይደለም፤ ካህኑን በጣት ላዘው?» የሚለው ተቃውሞ። በዚህ ተቃውሞ ውስጥ እውነት አለ፤ በቀላሉ አናልፈውም። ቁልፍ ሲጫኑት የሚዘም ካህን ቢሠራ የመጀመሪያው ተቃዋሚ እኛ ነን። ዝማሜ ትእዛዝ አይቀበልም፤ የሚቀበለው ዜማውን ነው። ግን ከዚህ ተነሥተን «ስለዚህ ፈጽሞ አይሠራ» ካልን ሜዳውን ለማይጠይቁት ትተን መውጣታችን ነው። ሲቪላይዜሽን ማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ የእምነት ነጥብ ቆጥሯል። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ጣት የማያዘው ነገር በጌም ውስጥም ይኑር። ተጫዋቹ መንገደኛ ይሁን፤ ይውጣ፣ ይውረድ፣ ይሳት፣ ይድከመው። ማኅሌቱ ጋ ሲደርስ ቁልፉ ሁሉ ይተኛ፤ መቆምና ማየት ብቻ ይቅረው። በጌም ውስጥ «ቁም» የሚል ትእዛዝ ለጣት መስጠት ትልቅ የጥበብ እርምጃ ነው። ይህ መልስ ሁሉን እንደማያስማማ እናውቃለን፤ የሚቃወም ይጻፍ።

ሌላው «ዳቦ ሳይኖር ስለ አኒሜሽን?» የሚለው ነው። እኛም ይህን ጥያቄ እናከብራለን። ነገር ግን ልጆቻችን ጌሙን ዳቦው እስኪሞላ አልጠበቁም፤ እየተጫወቱ ነው። የሚጫወቱት ምን ዓይነት ሰውን ሆነው ነው? ጥያቄው ይህ ነው። ሕፃን ልጅ በአባቱ አካሄድ ሳይሆን በወታደሩ አካሄድ ሲጫወት ብናይ፣ አካሄዱ ከስልኩ እንደመጣ እናውቃለን። ቋንቋ ሲጠፋ ይሰማል፤ አረማመድ ሲጠፋ ግን ድምፅ የለውም።

እንግዲህ መለኪያ ሳናቀርብ መተቸት ነቀፋ ብቻ ስለሚሆን፣ አንድን የጌም እንቅስቃሴ ስናይ የምንጠይቃቸውን አራት ነገሮች እናስቀምጥ። አንደኛ፤ ይህ አካል ክብደት አለው ወይ? ሲረግጥ መሬቱ ይመልስለታል ወይ? ሁለተኛ፤ ይህ አካል አገር አለው ወይ? ወይስ የትም ሊሄድ የሚችል፣ ከየትም ያልመጣ አካል ነው? ሦስተኛ፤ ከሌሎች ጋር ሲሆን ሰው ሆኖ ይቀራል ወይ? ወይስ ግልባጭ ይሆናል? አራተኛ፤ ጣትን እሺ የሚለው የት ድረስ ነው? እንቢ የሚለውስ የት ላይ ነው? በነዚህ አራት ብንመዝናቸው ካፕሄድ ሦስቱን ያልፋል ብለን እናምናለን፤ አራተኛውን ስንጠይቀው ዝም ይላል። ጎድ ኦቭ ዋር በመጀመሪያው ማንንም አያስቀድምም። ፕሪንስ ኦቭ ፐርሺያ በአሮጌ ማሽን ተሠርቶም በመጀመሪያውና በአራተኛው እስከ ዛሬ ያስተምራል።

ሽልማት ይቋቋምልን አንልም። ገንዘብም አዳራሽም የለንም፤ ሽልማት ከሂስ በፊት ከመጣ ደግሞ ጭብጨባ ብቻ ይሆናል። መክነር ወንድሙን ለመቅረጽ ያስፈለገው አንድ ካሜራና ነጭ ልብስ ነበር። ካሜራው ዛሬ በየኪሳችን አለ፤ ነጩ ልብስ በየቤታችን ሞልቷል፤ ወንድምና እህትም አላጣንም። የመጪው ዕረፍት ወደየቀያችን ስንበተን፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን፣ የቤተሰባችንን አካሄድ ከጎንና ከፊት እንቅረጽ፤ ዳገት ሲወጡ፣ ሸክም ሲያወርዱ፣ እንግዳ ሲቀበሉ ከመቀመጫ ሲነሡ። ተመልሰን አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስበን በዝግታ እንየው፤ በአራቱ ጥያቄ እንከራከርበት። አኒሜሽን የሚማሩት ይሣሉበት፤ ሥነ ጽሑፍ የምንማረው እንጻፍበት። የሚመጣው ምን እንደሆነ አናውቅም። የአቡነ ዮሴፍን ቁልቁለት የሚወርድ ጉልበት ግን በዓለም ላይ የትኛውም ጎተራ ውስጥ ተዘጋጅቶ አይጠብቀንም፤ እኛ ካልቀረጽነው የሚቀርጽልን የለም።